አስር ሕፃን እስኪሞላ

ባሌ የክትባት ስትራቴጂ ይጽፋል። ሌላው ሰው ዳቦ ይጋግራል፣ ጫማ ይሰፋል፣ እኔ ጸጉር እሠራለሁ፤ እሱ ጤና ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ በክልሉ ያለ ሕፃን ሁሉ እንዴት እንደሚከተብ ይጽፋል። ጽፎ ሲጨርስ ያስጠርዘዋል፣ የተጠረዘው በጭብጨባ ይመረቃል፣ የተመረቀው መደርደሪያ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ሌላ ይጀምራል። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ለጎረቤቱ ሁሉ “ልጄ የሚያስበው ለመላው ክልል ነው” ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ለመላው ክልል ያስባል። ዘጠኝ ወር የሞላት ልጃችን ግን የኩፍኝ ክትባት አልተከተበችም።

ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር፣ ኩፍኝ ከድልድዩ ማዶ ያለው ሰፈር ገባ እስኪባል ድረስ። ደንበኞቼ ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ስር ተቀምጠው የእገሊት ልጅ ታመመ፣ የእገሊት የልጅ ልጅ ሆስፒታል ገባች ሲሉ ሳቄ ጠፋ። ድልድዩን እኛም እንሻገረዋለን፣ እነሱም ይሻገሩታል። ጸጉር ቤቴን ዘግቼ ልጄን አቅፌ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

የክትባቱ ክፍል ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ ተቀብቷል፤ አንድ እግሩ ያጠረ አግዳሚ ወንበር፣ ጥግ ላይ ብቻውን የሚያጉረመርም ማቀዝቀዣ፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለ የሕፃን ሚዛን አለው። ወንበሩ ላይ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ሜትሯን ከአንገቷ እንኳ አላወለቀችም። ልጇ ከልጄ ትንሽ ይበልጣል፣ ወፈር ያለ፣ ሰው ባየ ቁጥር የሚስቅ።

“ስንት ናችሁ?” አለች ከታቢዋ ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ።

ዞር ብዬ አየሁ። “ሁለት።”

“እንግዲያው አስር ስትሞሉ ኑ።”

“አስር ምን?”

“አስር ሕፃን። አንዱ ብልቃጥ ለአስር ልጅ ነው። አንዴ ከተበጠበጠ አያድርም፣ የተረፈው ይደፋል። ብክነት ይባላል። በብክነት እጠየቃለሁ።”

“ልጄን ኩፍኝ ቢይዛትስ? በዚያ ማን ይጠየቃል?”

ከታቢዋ አሰበች። ለማሾፍ አይደለም፣ ከልቧ አሰበች። “በዚያ የሚጠየቅ የለም” አለች።

“ይህን ሕግ ማነው ያወጣው?”

“ከላይ ነው የመጣው” ብላ በጣቷ ወደ ኮርኒሱ አመለከተች። ከኮርኒሱ ዝቅ ብሎ ግድግዳው ላይ በትልቁ ተለጥፏል፦ ዜሮ ብክነት፤ አስር ሕፃን ሳይሞላ ብልቃጥ አይከፈትም። “ዜሮ ብክነት” የምትለዋን ቃል ከማንም በላይ የማውቃት እኔ ነኝ፤ ባለፈው ዓመት ባሌ ምሳ ሲበላ እንኳ ከአፉ አትለይም ነበር።

“እኔማ ስመላለስ ከረምኩ” አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ልጇን ከአንዱ ጭን ወደ ሌላው እያዛወረች። “አንድ ቀን ሰባት ደርሰን ነበር። ሦስት ብንጠብቅ ብንጠብቅ ጠፋ፣ ተበተንን።”

ቤት ስደርስ ባሌ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ አዲሱን ስትራቴጂ ቀለም እየቀባ ነበር። አምስት ምሰሶ ስሏል፤ በላያቸው ጣሪያ፣ ከጣሪያው በላይ የሚስቅ ሕፃን። አለቃው ምሰሶ ይወዳል። ምሰሶ የሌለው ነገር አይፈርምም፤ በዚህ ምክንያት ቢሮው በሙሉ ከጀርባው “አቶ ምሰሶ” ይለዋል።

“አስር ካልሞላ አይከፈትም የሚለውን ማነው የጻፈው?” አልኩት።

“ቡድኑ ነው።”

“ቡድኑ ማነው?”

“እኔ ነኝ። ግን በቡድን ስም።”

“ልጅህ ሳትከተብ ተመለሰች።”

ላፕቶፑን ትንሽ ገፋ አደረገ፤ ይህን የሚያደርገው ሊያስተምረኝ ሲነሳ ነው። “ጥሩ ነጥብ አነሳሽ። አሁን የምሠራው በቀጥታ ከዚህ ጋር ይገናኛል። የክትባት ሽፋናችን ዝቅ ያለው በእናቶች ግንዛቤ ማነስ ነው።”

“ግንዛቤ ያነሰኝ እኔ ነኝ?”

“አንቺን አላልኩም። እናቶችን በጥቅሉ።”

“እሺ፣ በጥቅሉ ይሁን። ነገ ለከታቢዋ ደውለህ ክፈቺ በላት።”

ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። “ለራሴ ልጅ ብዬ መመሪያ አላስጥስም። አድልዎ ነው” አለኝ፣ ጽድቁ ፊቱ ላይ እያበራ። አማቴ ከሶፋው ላይ “ልጄ እኮ እጁ ንጹሕ ነው” አሉ።

“እሱስ ንጹሕ ነው እማማ። ያልተከተበችው ልጁ ናት” አልኳቸው። እሳቸውም የልጅቷን ካልሲ ማስተካከል ጀመሩ።

ከዚህ ሰው ጋር መከራከር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። አስር ከፈለጉ አስር አመጣለሁ አልኩ። ጸጉር ቤት ያላት ሴት ሰው መሰብሰብ አያቅታትም፤ ራሷን ሳሙና ውስጥ የከተተች እናት የት ትሄዳለች? አንዷ “ከተከተበ በኋላ ያተኩሰዋል ይላሉ” አለችኝ። “አንድ ቀን ያተኩሰው፣ ኩፍኝ ሲይዘው ከሚያተኩሰው ይሻላል” ብዬ ውሃውን ለቀቅኩባት። ሌላዋ ባሌን ላማክር አለች፤ ጸጉርሽን ስትቆረጪ ባልሽን ታማክሪያለሽ ወይ ብያት አስመዘገብኳት። ልብስ ሰፊዋም በበኩሏ ልብስ ልታስለካ የመጣችውን ሁሉ ወገቧን ይዛ አሳመነች። ባነር አልሰቀልንም፣ ኮፍያ አላደልንም፣ ሻይ ቡና አልነበረም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባል የለ፤ ሎሚዎቻችንን ተከፋፍለን ተሸከምንና አስር ሞላን።

በክትባት ቀን ማለዳ አስር እናት አስር ልጅ ታቅፈን ጤና ጣቢያ ደጃፍ ደረስን። በሩ ተቆልፏል። ጥበቃው ወንበሩ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነው።

“ከታቢዋ የት ሄደች?”

“ዎርክሾፕ።”

“የምን ዎርክሾፕ?”

“የክትባት ሽፋን ማሳደጊያ” አለ፣ ፊቱ ላይ አንዲት የሳቅ መስመር እንኳ ሳትታይ። “የክልሉ ከታቢ በሙሉ ተጠርቷል። ባለድርሻ አካል ናቸው።”

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ መሳቅ ጀመረች፣ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፤ የሚያስቅ ሆኖ ሳይሆን ሌላ የምናደርገው ስላጣን። ልብስ ሰፊዋ ብቻ አልሳቀችም። ልጇ ትከሻዋ ላይ ተደፍቷል፣ አፍንጫው ይፈሳል። “ጉንፋን ይዞት ሲነጫነጭ ነው የሰነበተው” አለችኝ።

“አዳራሹን አውቀዋለሁ” አልኳቸው። “ኑ።”

በአዳራሹ በር ላይ የተሰቀለው ባነር “ሁሉም ሕፃን፣ ሁልጊዜ፣ በሁሉም ቦታ” ይላል። መዝጋቢዋ ልጅ እስክሪብቶዋን አንስታ “ከየትኛው ተቋም ናችሁ?” አለችን።

“ከቤት” አልኳት።

መልሴን የት እንደምትጽፈው ግራ ገብቷት ሳለ አቶ ምሰሶ ራሱ ከውስጥ ብቅ አለ። ሕፃናቱን ሲያይ ፊቱ በራ። “ማኅበረሰቡ መጣ!” ብሎ ጮኸ። ለካስ ፕሮግራሙ ላይ ከሻይ በኋላ “የማኅበረሰቡ ድምፅ” የሚል ነበር፤ ማኅበረሰቡን መጥራት የማን ሥራ እንደሆነ ግን ሳይጻፍ ቀርቶ ነው መሰል ሲጨነቅ ነበር ያረፈደው። በየአንገታችን “ማኅበረሰብ” የሚል ባጅ አጠለቁልን። የኔ ልጅ ባጇን አፏ ውስጥ ከተተችው።

መድረኩ ላይ ማን አለ? ባሌ። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ በእጁ ቀይ መብራት የምትተፋዋን መጠቆሚያ ይዞ ከኋላው ያለውን ግድግዳ ሲያብራራ ደረስን። ግድግዳው ላይ “ቁልፍ ተግዳሮት፦ የእናቶች ፍላጎት ማነስ” ይላል። አስራችን ልጆቻችንን ይዘን በመካከለኛው መተላለፊያ ስንገባ ቀይዋ ነጥብ ከግድግዳው ዘላ ኮርኒሱን ዞረች፣ ወርዳም አቶ ምሰሶ ግንባር ላይ አረፈች። እዚያው ቆየች።

ማይኩን ሰጡኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ተናገርኩ። “የመጣነው ለመናገር ሳይሆን ለማስከተብ ነው” አልኩ። “ልጆቹ እዚህ ናቸው። ከታቢዎቹም እዚህ ናቸው። ዛሬ ሥራ ቦታው ላይ የተገኘው ክትባቱ ብቻ ነው፣ እሱም ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቆልፎበታል። ያቺን የኛን ከታቢ ስጡንና ወደ ጉዳያችሁ ተመለሱ።”

አጨበጨቡ። አዳራሹ ሙሉ ሰው አጨበጨበ፣ ከታቢዎቹም ጭምር። አቶ ምሰሶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ “ትልቅ ግብዓት ነው! ይመዝገብልን” አለ። አንዱ ፈጠን ብሎ ቢጫ ወረቀት ላይ “እናቶች የማስከተብ ፍላጎት አሳይተዋል” ብሎ ጻፈና ግድግዳው ላይ ለጠፈው። የለጠፈው “ተግዳሮቶች” ከሚለው ስር ነው።

“ከታቢዋስ?” አልኩ።

“አሁን ብትወጣ ይከብዳል የኔ እህት” አለ አቶ ምሰሶ በትሕትና። “እሷ ያለችበት ቡድን የሚወያየው ስለ ከታቢ እጥረት ነው። እሷ ከወጣች ቡድኑ ይጎድላል።”

ባሌን አየሁት። ጫማውን ያያል።

ከመዝጊያው በኋላ ትሄዳለች ተባለና ጠበቅን። ሕፃን ታቅፎ የቡድን ውይይት መጠበቅ ምን እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል። አንዱ ሲተኛ ሌላው ይነቃል፣ አንዷ እናት ስታጠባ ሌላዋ ትቀይራለች፤ ፊት ለፊታችን ደግሞ ሰዎች ባለ ቀለም ወረቀት ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ያዘዋውራሉ። መጨረሻ ላይ ፎቶ አንሺ መጣ። አቶ ምሰሶ ሕፃናቱን በዓይኑ ሲመርጥ ቆየና የልብስ ሰፊዋን ልጅ አየ። “የዚህ ልጅ ዓይን እንዴት ያበራል! እሱ መሐል ይሁን” አለ። ልጁን ከእናቱ ተቀብሎ አቀፈው፣ ሌሎቹን ዙሪያውን ሰበሰቡ፣ የኔዋን ከጎኑ ጉንጭ ለጉንጭ አስጠጉለት። የልጁ ዓይን እውነትም ያበራ ነበር፤ እንባ ሞልቶት። ካሜራው ብልጭ ሲል አስነጠሰው።

ብዙም ሳይቆይ ልብስ ሰፊዋ ተነሳች። “ተቃጠለብኝ፣ ቤት ወስጄ ላቀዝቅዘው” አለች። ከኋላ ያለችው እናት ቀሚሷን ያዝ አድርጋ “ከሄድሽ እኮ አስር አንሞላም” አለቻት። ልብስ ሰፊዋ እንደገና ተቀመጠች። ጥቂት ታገሰች፣ ልጇን አየችው፣ ከዚያ ማንንም ሳታይ አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ዎርክሾፑ ሲዘጋ ከታቢዋን ከፊት፣ ባሌን ከኋላ አድርገን ጤና ጣቢያ ተመለስን። ባሌን የመጣው በፍላጎቱ ነው ብዬ አልዋሽም፤ ክንዱን ይዤው ነበር። ከታቢዋ በሩን ከፈተች፣ እጇን ታጠበች፣ ማቀዝቀዣውን ከፍታ ብልቃጡን አወጣች፣ ቀና ብላም ቆጠረችን።

“ዘጠኝ ናችሁ” አለች።

ከታቢዋ ብልቃጡን በጣቶቿ መሐል ይዛ ወደ ባሌ ዞረች። “ጋሼ፣ መመሪያው የእርስዎ ነው። ልክፈተው?”

ዘጠኝ እናት አየችው። ልጁም አየችው፣ ባጁን ለመያዝ እጇን ዘርግታ። “ክፈቺው” ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል?

“በመርህ ደረጃ” አለ ባሌ።

ከዚያ ስልኩን አወጣና ወደ ኮሪደሩ ወጣ። አቶ ምሰሶ ጮክ ብሎ ስለሚያወራ ሁላችንም ሰማነው፦ “አስረኛውን ፈልጉዋ! የማኅበረሰብ ንቅናቄ ማለት ይኸው ነው!” ባሌ መፍትሔ እንዳገኘ ሰው ተመለሰ። የልብስ ሰፊዋ ቤት ከጤና ጣቢያው ጀርባ ስለሆነ እሷን ይዤ እመጣለሁ ብሎ፣ ባጁ ደረቱ ላይ እየተወዛወዘ ሄደ።

በሩጫ ተመለሰ። ይህ ሰው ሲሮጥ አይቼው አላውቅም፣ ለአውቶቡስ እንኳ አይሮጥም። በሩን ይዞ ቆመ፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

“ፊቱ” አለ። “ፊቱ በሙሉ፣ ከጆሮው ጀርባ ጀምሮ... ሰውነቱ እሳት ነው። ዓይኑን መክፈት አልቻለም። ኩፍኝ እንደዚህ ነው እንዴ?”

ይህን ሁሉ ዓመት ስለ ኩፍኝ ሲጽፍ ኩፍኝ አይቶ አያውቅም ነበር።

ከታቢዋ ብልቃጡን ጠቅ አድርጋ ከፈተችው። “እናትየዋን ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰጂው በሏት” ብላ ዱቄቱን እየበጠበጠች ወደኛ ዞረች። “አብረውት የዋሉ ልጆች ሁሉ አሁኑኑ ይወጉ። ቶሎ ከሆነ ሊከላከልላቸው ይችላል። ማነው መጀመሪያ?” አለች። መጀመሪያ የኔ ልጅ ሆነች፤ ማንንም አላስቀደምኩም፣ በዚህም አላፍርም። መርፌው ሲገባ ጮኸች። እንደዚያ ጩኸት የጣመኝ ድምፅ የለም። ባሌ ግድግዳውን ተደግፎ፣ የራሱ ትእዛዝ ከተለጠፈበት ስር፣ ቁና ቁና ይተነፍስ ነበር። ልብስ ሰፊዋን ሆስፒታል ያደረሳትም እሱ ነው፣ ያን አልክድበትም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ጠዋት ስትነቃ ከጆሮዋ ጀርባ አያለሁ፣ ስታስነጥስ ግንባሯን እነካለሁ፣ አማቴ ይጸልያሉ፣ ባሌ ይቆማል፣ ይቀመጣል። ምንም አልወጣባትም። ከዘጠኙ በአንዱም አልወጣም። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ሆስፒታል ከረመ። ሳምባውን መታው፣ ከዚያ ዓይኑን። ተርፎ ወጣ፤ ግራ ዓይኑ ላይ ግን ነጭ ነገር ጋረደው። አይገፈፍም አሉ።

ባሌ ተለውጧል ብዬ አምኜ ነበር። ለአንድ ሰሞን ስለ ምሰሶ አላወራም። ልጁን ያቅፋት፣ ያንሸራሽራት ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ግን፣ እሷኑ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ እንደ ቀላል ነገር “ያቺ ከታቢ ማብራሪያ ልትጠየቅ ነው” አለኝ።

“ለምን?”

“አንድ ዶዝ ባክኗል። ብልቃጡ የአስር ልጅ ነው፣ የተጠቀመችው ለዘጠኝ። እኔ ባለሁበት ስለሆነ ደግሞ ዝም ብል ለልጁ ሲል አድበሰበሰው እባላለሁ።”

“የባከነው የማን ነበር?” አልኩት።

“እንዴት የማን?”

“አስረኛው ዶዝ። ባለቤት ነበረው።”

ሳይገባው አየኝ። ልጄን ከጭኑ አንስቼ ለአማቴ ሰጠሁ። “ተነስ” አልኩት።

የልብስ ሰፊዋ ቤት አንድ ክፍል ነው። ስፌት መኪናዋ መስኮቱ ስር ነው፣ ያላለቀ ጨርቅ በየቦታው ተከምሯል። ልጁ ወለሉ ላይ በተነጠፈ ጨርቅ ተቀምጦ የክር ጥቅል ሊይዝ እጁን ይዘረጋል፤ እጁ ከጥቅሉ ጎን ባዶው ላይ ያርፋል። እንደገና ይዘረጋል። ከስቷል፤ ስንገባ ግን ድምፃችንን ሰምቶ ሳቀ።

ልብስ ሰፊዋ ባሌን ስታይ ደንግጣ ተነሳች። ወንበር ላይ የነበረውን ጨርቅ አንስታ፣ ወንበሩን በቀሚሷ ጫፍ ጠራረገችለት። “ይቀመጡ ጋሼ፣ ምነው ቆሙ” አለች። ባሌ አልተቀመጠም። ስለ ዶዙ እንዲነግራት ነበር ያመጣሁት። አንድ ባክኗል ብሎ ዓይኗን እያየ ይንገራት ብዬ ነበር። እሷ ቀደመችው።

“ሰው ልኬ ላስጠይቅዎ እያሰብኩ አፍሬ ነው የቀረሁት” አለች፣ ሜትሯን በጣቷ እየጠቀለለች። “ያን ቀን አስር ሞልተን ነበር። እኔ ጥዬ ሄጄ አጎደልኩባችሁ። እናንተም ተቸገራችሁ፣ ያቺ ከታቢም በኔ ጦስ ልትጠየቅ ነው አሉ። ትንሽ ልታገስ ሲገባኝ... ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

ባሌ በሕፃኑ ፊት ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፣ በዚያ በሙሉ ልብሱ። ልጁም እጁን ዘርግቶ ፊቱን ዳሰሰው።

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ፣ በፍርሃት፣ “ይቅር አሉኝ?” ብላ ጠየቀችው።